የማን ዕዳ ይቀነስ?

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤቴ ደብዳቤዎቹን ይዘውልኝ የመጡት በገበያ ፌስታል ቋጥረው ነበር። ጊዜው የ2007 መገባደጃ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ቦታው ከዋሽንግተን ከተማ በስተምሥራቅ ያለው የሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረግፉት ከ30 የማያንሱ ፖስታዎች ወጡ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጨርሶ አልተከፈቱም። ቀን የመኪና ማቆሚያ ሂሳብ ተቀባይ፣ ማታ ታክሲ ነጂ ሆነው የሚሠሩ፣ የሰው ገንዘብ አሳድረው የማያውቁ ሰው ፖስታ መክፈት መፍራታቸው ከሁሉም በላይ አስደነገጠኝ። «እንግሊዝኛው አይደለም የቸገረኝ» አሉኝ፤ «ግን እስቲ አንተም እየው፤ እኔ ያላየሁት መውጫ ካለ ብዬ ነው።»

እኔ በዚያን ጊዜ በኪራይ የምኖር፣ በትርፍ ሰዓቴ ለወገኖቼ ወረቀት የምተረጉምና ቅጽ የምሞላ ሰው ነበርኩ። የባንክ ሙያ የለኝም። ነገር ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል የእኒህን ሰው ጉዳይ ስከታተል፣ ቀን ቀን ደግሞ የኮንግረሱን ክርክር በዜና ስሰማ፣ ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ቀስ በቀስ ገባኝ። ኪሳራው መድረሱ ላይቀር፣ የማን ዕዳ ይቀነስ፣ ማንስ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይጠየቅ የሚለውን የወሰነው ገበያው አልነበረም፤ በስም የሚታወቁ ሰዎች በሚታወቅ ቀን እጃቸውን አውጥተው ወሰኑት።

በመጀመሪያ ብድሩ ምን ይመስል እንደነበር ልንገር፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የተጻፈው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ጋሼ በ2005 ቤቱን በ355,000 ዶላር ሲገዙ ከእቁብ የደረሳቸውን 15,000 ዶላር ሰጥተው የቀረውን 340,000 ተበደሩ። የብድሩ ዕድሜ 30 ዓመት ነው፤ ወለዱ ግን የማይለወጠው ለመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ብቻ ሲሆን እሱም 7 በመቶ ነበር፤ ይህም በወር 2,262 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወለዱ የለንደን ባንኮች እርስ በርስ በሚበዳደሩበት የ6 ወር ተመን ላይ 6 ነጥብ እየተጨመረ እንዲሰላ፣ በመጀመሪያው ለውጥ ግን ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ተመኑ በ2007 ከ5 በመቶ በላይ ስለነበር ወለዱ ቀጥታ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ የወር ክፍያውም 2,957 ዶላር ሆነ። በአንድ ጊዜ 695 ዶላር ጭማሪ፣ የቤት ግብርና የኢንሹራንስ ክፍያ ሳይታሰብ። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ብድሩን ዘግተው በሌላ ሊተኩት ቢሞክሩ ደግሞ ቅጣት እንደሚከፍሉ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ የቅጣቱ ጊዜ ሲያልፍ የአካባቢው የቤት ዋጋ መውረድ ጀምሮ ስለነበር አዲስ ብድር የሚሰጣቸው አልተገኘም።

ከወረቀቶቹ መካከል የብድር ማመልከቻውን አገኘሁት። የወር ገቢ በሚለው ሳጥን ውስጥ 7,800 ዶላር ተሞልቷል። ጋሼ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ባለቤታቸው ሆቴል ውስጥ ክፍል በማጽዳት የሚያገኙት ተጨምሮ እንኳ የቤተሰቡ ገቢ ከ5,000 ዶላር አያልፍም ነበር። ቅጹን የሞላው ደላላው ነው፤ የፈረሙት ግን እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም አልካዱም። «ፈርሜያለሁ» አሉኝ፤ «ፊርማው የእኔ ነው።»

ደላላው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለመረዳት ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይበቃል። ተበዳሪው ሊያገኝ ከሚችለው በላይ በሆነ ወለድ ካስፈረመው ለደላላው የሚከፈለው ጉርሻ ይጨምር ነበር። አበዳሪው ድርጅት ብድሩን ይዞ 30 ዓመት አይጠብቅም፤ በሳምንታት ውስጥ ለዎል ስትሪት ይሸጠዋል። እዚያም ከሺዎች ብድሮች ጋር ተቀላቅሎ፣ በቦንድ መልክ ተከፋፍሎ፣ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ከመንግሥት ቦንድ እኩል አስተማማኝ ነው ብለው መስክረውለት ለጡረታ ፈንዶችና ለውጭ ባንኮች ይሸጣል። በዚህ ረጅም ሰንሰለት ላይ ከተቀመጡት ሁሉ፣ እኒህ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ መክፈል ይችላሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ጥቅሙን የሚነካበት እንጂ የሚያስገኝለት ሰው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕግ አልነበረም ማለት አይቻልም። ኮንግረሱ በ1994 ባወጣው ሕግ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ አታላይ የሆኑ የቤት ብድር አሠራሮችን በመላ አገሪቱ እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ከባንኩ ገዥዎች አንዱ የነበሩት ኤድዋርድ ግራምሊች አደጋውን አስቀድመው አይተው አለቃቸውን አላን ግሪንስፓንን ቢያሳስቡም ሰሚ አላገኙም። ሰሜን ካሮላይናና ጆርጂያን የመሳሰሉ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ሊከላከሉ ሲነሡ፣ ብሔራዊ ባንኮችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በ2004 መጀመሪያ ባወጣው ደንብ የግዛቶቹ ሕግ እነዚህን ባንኮች አይመለከትም አለ። ፌዴራል ሪዘርቭ የ1994ቱን ሥልጣን ተጠቅሞ ሰፊ ደንብ ያወጣው በሐምሌ 2008 ነው፤ ግራምሊች ካረፉ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ አብዛኞቹ መጥፎ ብድሮች ከተፈረሙ በኋላ።

ሁለቱም ፓርቲዎች ባለቤትነትን ሲሰብኩ ኖረዋል። ክሊንተን በ1995፣ ቡሽ በ2002 የቤት ባለቤቶችን ቁጥር ለማሳደግ ዕቅድ አወጁ፤ በ2004 ከአገሪቱ ቤተሰቦች 69.2 በመቶ የሚሆኑት በራሳቸው ቤት ይኖሩ ነበር፣ ከዚያ በፊትም ሆነ እስካሁን ያልታየ መጠን። በስብከቱ ላይ ክፋት አላይም። እንደ እኛ ላለ ስደተኛ፣ በተለይም አብዛኛው ነዋሪው ጥቁር በሆነው በፕሪንስ ጆርጅስ፣ ቤት መግዛት ከገንዘብም በላይ ትርጉም ነበረው፤ በ1930ዎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጥቁሮችን ሰፈር በካርታ ላይ ቀይ እየቀባ ለብድር አይታመንም ባለበት አገር ብድር ማግኘት ራሱ መከበር ይመስል ነበር። ይህ መከበር የተሸጠበት ዋጋ ግን እኩል አልነበረም። በ2011 ካንትሪዋይድ የተባለው አበዳሪ ጥቁርና ላቲኖ ተበዳሪዎችን ከተመሳሳይ ነጭ ተበዳሪዎች በላይ አስከፍሏል በሚል ከፍትሕ ሚኒስቴር ለቀረበበት ክስ 335 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

አሁን ስለራሴ የማልኮራበትን ነገር መጻፍ አለብኝ። ያንን ፌስታል ካየሁ በኋላ እንኳ ለወራት ያህል በልቤ ቅሬታ ነበረብኝ። እኔ አቅሜን አውቄ ተከራይቼ ስኖር፣ አቅሙን ያላወቀ ሰው ዕዳው ሊቃለልለት ነው ወይ እያልኩ አስብ ነበር። ይህ ቅሬታ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የፖለቲካው ዋና ኃይል ሆኗል። ፕሬዚዳንት ኦባማ በየካቲት 18 ቀን 2009 በአሪዞና ሜሳ ከተማ ተገኝተው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ባለቤቶችን ከቤታቸው እንዳይወጡ የሚረዳ ዕቅድ በተናገሩ ማግስት፣ ሪክ ሳንቴሊ የተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከቺካጎ የንግድ አዳራሽ በቀጥታ ስርጭት ሆኖ፣ የጎረቤታችሁን ሞርጌጅ መክፈል የምትፈልጉ ስንቶቻችሁ ናችሁ ብሎ ነጋዴዎቹን ሲጠይቅ አዳራሹ በተቃውሞ ጮኸ። ቲ ፓርቲ የተባለው የወግ አጥባቂዎች እንቅስቃሴ ስሙንና ብርታቱን ካገኘባቸው ቀናት አንዱ ያ ነው። ከ5 ወር በፊት ግን፣ በመስከረም 29 ቀን 2008 የተወካዮች ምክር ቤት የ700 ቢሊዮን ዶላሩን የባንኮች ማዳኛ ሕግ 228 ለ205 ሲጥለው የአክሲዮን ገበያው መለኪያ ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 777 ነጥብ ወርዶ ነበር፤ ምክር ቤቱም ከ4 ቀን በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ አጸደቀው። የባንኮቹ ዕዳ ሲነሣ ጥያቄው ካልረዳናቸው ምን እንሆናለን የሚል ነበር፤ የቤተሰቦቹ ሲነሣ ደግሞ ይገባቸዋል ወይ የሚል ሆነ። ይህ የጥያቄ ልዩነት የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ከገባኝ በኋላ ግን ቅሬታዬ ለቀቀኝ።

ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚታየው በኪሳራ ሕጉ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የኪሳራ ዳኛ ሰው ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው የመያዣውን ዋጋ ተምኖ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ዕዳ እንደ ማንኛውም መያዣ የሌለው ዕዳ ሊቆጥረውና አብዛኛውን ሊቀንሰው ይችላል፤ ይህንን «ክራምዳውን» ይሉታል። ለኪራይ የሚያውል ሁለተኛ ቤት የገዛ ባለሀብት ይህ መንገድ አለው፤ የመዝናኛ ጀልባ የገዛም አለው፤ ገበሬዎች ከ1986 ጀምሮ በልዩ ምዕራፍ ተፈቅዶላቸዋል። የተከለከለው ሰው የሚኖርበት ብቸኛ ቤት ላይ ያለ ብድር ነው። ክልከላው በ1978 ሕግ ውስጥ የገባው ለቤት ብድር የሚውል ገንዘብ እንዳይቀንስ ታስቦ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1993 አጽንቶታል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች ቢኖሩ፣ ባለቤቱ የማይኖርበት ቤት ዕዳው በዳኛ ሊቀነስ ይችላል፤ ልጆቹን የሚያሳድግበት ቤት አይችልም።

በ2009 ይህንን ለመለወጥ የቀረበው ረቂቅ በመጋቢት 5 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት 234 ለ191 አለፈ። ሴኔት ውስጥ የያዙት የኢሊኖይሱ ሪቻርድ ደርቢን ነበሩ። ኦባማ በምርጫ ዘመቻቸው ደግፈውታል፤ ድምፅ በሚሰበሰብበት ጊዜ ግን ቤተ መንግሥቱ አልገፋበትም። ደርቢን በዚያው ሚያዝያ ለአንድ ሬዲዮ ሲናገሩ፣ ቀውሱን ያመጡት ባንኮች ዛሬም በኮንግረሱ ከሁሉ የበረታ ጉልበት ያላቸው መሆናቸውን፣ እንዲያውም ምክር ቤቱ የእነሱ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። በሚያዝያ 30 ቀን ድምፅ ሲሰጥ 45 ደግፈው 51 ተቃወሙ፤ ከተቃዋሚዎቹ መካከል 12ቱ የራሳቸው የዲሞክራቲክ ፓርቲ ሴናተሮች ነበሩ።

በዚያው ዕለት፣ በሚያዝያ 30 ቀን 2009፣ የመኪና አምራቹ ክራይስለር የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። መያዣ ያላቸው አበዳሪዎቹ 6.9 ቢሊዮን ዶላር ይጠይቁ ነበር፤ በመንግሥት አደራዳሪነት የተሰጣቸው 2 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን እንዲያድኑ ያ እንዲሆን እፈልግ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበር እላለሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱን ዜናዎች በአንድ ምሽት ስሰማ፣ ውል ይከበር፣ ተበዳሪ ይቀጣ የሚለው ክርክር ለእኔ አከተመለት። ውል በፍርድ ቤት ሊቀነስ እንደሚችል በዚያ ቀን በዋሽንግተን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ረቂቁን የተቃወሙት ሰዎች ያነሡት አንድ ቁም ነገር አለ፤ ዳኛ ዕዳ መቀነስ ከቻለ ባንኮች ለሚቀጥለው ተበዳሪ ወለድ ይጨምራሉ ይላሉ። ትንሽ ሊጨምሩ ይችሉ ይሆናል። ግን ይህንኑ ስጋት በ1986 በገበሬዎቹ ሕግ ላይም አንሥተውት ነበር፤ የእርሻ ብድር ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ደግሞም ኪሳራው አስቀድሞ ደርሷል። የጋሼ ቤት ዓይነቶች በ2010 በዚያው መንገድ ላይ ወደ 200,000 ዶላር ይሸጡ ነበር። ዳኛ ዕዳውን በዚያ ልክ ቢያወርደውና በ6 በመቶ ወለድ በ30 ዓመት ቢያሰላው የወር ክፍያው 1,199 ዶላር ነው፤ ሰውየው ይህንን ያለ ምንም ችግር ይከፍሉ ነበር። ባንኩ የሚያጣው 130,000 ዶላር ገደማ ከዚያ በፊት የጠፋ ገንዘብ ነው፤ ያለው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

የመንግሥቱ ዕቅድ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ዳኛ ከማዘዝ ይልቅ ክፍያ ሰብሳቢ ድርጅቶችን፣ ሰርቪሰር የሚባሉትን፣ በገንዘብ ማባበል። የተበዳሪው የወር ክፍያ ከገቢው 31 በመቶ እስኪሆን ድረስ ወለዱ እንዲወርድ፣ የብድሩ ዕድሜም እስከ 40 ዓመት እንዲራዘም፣ ለሰርቪሰሩም ለእያንዳንዱ የተሳካ ማሻሻያ 1,000 ዶላር እንዲከፈለው ተደነገገ። ሰርቪሰሮቹ ግን ዘግይቶ ከሚከፈል ቅጣትና ከሐራጅ ሂደት ከሚሰበሰቡ ክፍያዎች የሚያገኙት ገቢ ነበራቸው፤ እምቢ ቢሉ የሚደርስባቸው ነገርም ይህ ነው አይባልም። 3 ወይም 4 ሚሊዮን የተባለው ዕቅድ በ2016 ሲዘጋ ቋሚ ማሻሻያ ያገኙት 2 ሚሊዮን አልሞሉም። ከዚያ 80 ዓመት ገደማ በፊት ግን መንግሥት በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር፤ ያው ሰፈሮችን ቀይ የቀባው መሥሪያ ቤት ከ1933 እስከ 1936 ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ብድሮችን ራሱ ከባንኮች ገዝቶ በረጅም ጊዜ ብድር ተክቷቸው፣ በመጨረሻም ሳይከስር ተዘግቷል። ግፉን የሠራውም፣ ሊሠራ የሚቻለውን ያሳየውም አንድ መሥሪያ ቤት መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ለጋሼ የሙከራ ክፍያው 1,550 ዶላር ሆኖ ተፈቀደ። 3 ወር ይቆያል የተባለው ሙከራ 9 ወር ሄደ፤ አንድም ቀን አላሳለፉም። በእነዚህ ወራት የደመወዝ ወረቀትና የግብር ሰነድ በፋክስ የላክሁበትን ቀን በደብተር እመዘግብ ነበር፤ አንዱን ሰነድ 5 ጊዜ ልኬዋለሁ። በስልክ የሚቀርበው ሰው በየጊዜው ይለያያል፤ የቀደመው የተናገረውን የኋለኛው አያውቅም። በ2010 የመጣው ደብዳቤ ማመልከቻው የተጓደለ ሰነድ ስላለበት አልተፈቀደም፣ በሙከራው ወራት በዋናው ክፍያና በ1,550 መካከል ያለው ልዩነትም ተደምሮ በአንድ ጊዜ ይከፈል ይላል። ያንን ደብዳቤ ስተረጉምላቸው ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ሜሪላንድ በዚያው ዓመት ሽምግልና የሚፈቅድ ሕግ አውጥታ ስለነበር እሱንም ጠየቅን። ቃሉን ሲሰሙ ጋሼ ፊታቸው በራ፤ ሽምግልና ለእሳቸው የታወቀ ነገር ነው፣ ሁለቱንም ወገን አንተም ተው፣ አንተም ተው ብሎ የሚያስታርቅ። ጠረጴዛው ጋ ስንቀርብ ሸምጋይዋ ጨዋና ታጋሽ ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን ማንንም ተው የማለት ሥልጣን አልነበራቸውም። የአበዳሪው ጠበቃ ዋናውን ዕዳ ስለመቀነስ ሲጠየቅ የብድሩ ባለቤቶች የቦንድ ገዢዎች ስለሆኑ አይፈቀድልኝም አለ። ለካስ ይህ መልስ ከላይም ይሰጥ ነበር፤ ከ2008 ጀምሮ በመንግሥት እጅ የገቡት ግዙፎቹ የቤት ብድር ገዢ ድርጅቶች ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ እንኳ ዋና ዕዳ እንዲቀንሱ ግምጃ ቤቱ ሲጠይቅ፣ ተቆጣጣሪያቸው ኤድዋርድ ዴማርኮ በሐምሌ 2012 እምቢ ብለዋል።

ቤቱ በ2011 በአፐር ማርልቦሮ ፍርድ ቤት ደጃፍ በሐራጅ ተሸጠ። ጨረታው ከ5 ደቂቃ በላይ አልፈጀም፤ አንድ ሰው ወረቀት አነበበ፣ የአበዳሪው ወኪል 172,000 ዶላር አለ፣ ሌላ የተናገረ የለም። በዳኛ ሊቀነስ ከነበረው በታች ማለት ነው። ጋሼ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ የጓሮውን ሣር አጭደው፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ጠግነው ነበር፤ ለሚመጣው ሰው ብለው።

ከዚያ በኋላ በሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ ሲኖሩ፣ በ2013 ክረምት አንድ ፖስታ ይዘው መጡ፤ ይህኛው ተከፍቷል። 49 ግዛቶችና የፌዴራል መንግሥቱ በ2012 ከ5 ትልልቅ ባንኮች ጋር በ25 ቢሊዮን ዶላር ባደረጉት ስምምነት መሠረት፣ ቤታቸውን በሐራጅ ላጡ ሰዎች የተላከ ቼክ ነበር፤ 1,480 ዶላር ገደማ። ሰነድ ሳያነቡ በጅምላ ሲፈርሙ ስለነበሩ ሠራተኞች፣ ስለ ስምምነቱም ደብዳቤው የሚለውን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አድርገው ቼኩን አዩት፤ ከዚያም ብዕሬን ተቀብለው በፖስታው ጀርባ 2,957 ብለው ጻፉና ለሁለት አካፈሉት።

«የ15 ቀን ነው» አሉኝ።